እንግሊዝኛ በገጠር ትምህርት ቤት፦ የአንድ ባልደረባችን የሥራ መታሰቢያ

በሀገራችን ስለ ዘመናዊ ትምህርት በሚጻፉት ታሪኮች ዘወትር የሚወሱት የትምህርት ቤቶች መከፈት፣ የተማሪዎች ቁጥር ማደግና የመጻሕፍት መታተም ናቸው። ትምህርቱ በምን ቋንቋ እንደ ተሰጠ፣ ያንንም ቋንቋ በገጠር ማን በምን ዐቅም እንዳስተማረ ግን በጥቂት መስመር ይታለፋል። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች በ2016 ዓ.ም. በሞት ስለ ተለዩን አንጋፋ ባልደረባችን እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ሠሯቸው መንገዶችና ድልድዮች አብረዋቸው የሠሩት ቢጽፉ እንደሚሻል ገልጬ፣ እኔ አብዛኞቹ አባሎቻችን የማያውቁትን ሌላውን ሥራቸውን መረጥሁ። ይኸውም በገጠር ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲሻሻል ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያደረጉት ጥረት ነው። ስማቸውን አልጽፍም። በሕይወት ሳሉ ይህ ሥራቸው በስማቸው እንዲነሣ አይወዱም ነበር፤ ቤተ ሰቦቻቸውም ይህንኑ አደራ አጽንተውታል። የሚያውቋቸው ያለ ስም ያውቋቸዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከጣልያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ከውጭ ቋንቋዎች ሁሉ ይልቅ ገናና የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። የጅቡቲው የምድር ባቡር ኩባንያ ፈረንሳዊ ስለ ነበረና ከውጭው ዓለም ጋር የሚደረገው መጻጻፍ በአብዛኛው በዚሁ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ የጊዜው ወጣት ሥራ ለማግኘት ፈረንሳይኛ መማር ነበረበት። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት በእንግሊዞች ረዳትነት ሲመለስ ግን ሁኔታው ተለወጠ። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከእርሱም ቀጥሎ በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም መማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎች እገዛ ሲመሠረት የሥራ ውሉም፣ ዝርዝር መግለጫውም፣ የአፈር ምርመራው ቅጽም በዚሁ ቋንቋ ተዘጋጀ። በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ ተከተለ። እንግዲህ ሞያችን በሀገራችን ውስጥ ሲወለድ በእንግሊዝኛ አፉን ፈታ ማለት ይቻላል። እስከ ዛሬም ከመካከላችን ሙሉ የድልድይ ሥራ ውል በሀገር ቋንቋ ተጽፎ ያየ ባልደረባ ካለ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

በከተሞች ይህ ለውጥ ብዙም አላስቸገረም፤ ከውጭ ሀገር የመጡ መምህራን ነበሩና። ችግሩ የተፈጠረው ትምህርት ወደ ጠቅላይ ግዛቶችና ወደ አውራጃዎች ሲስፋፋ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ እንግሊዝኛ ለብቻው እንደ አንድ ትምህርት ቆይቶ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የሁሉም ትምህርት መማሪያ ሆነ። በሐሳብ ደረጃ መልካም ነበር፤ ሕፃኑ ሒሳብንና ሳይንስን በሚገባው ቋንቋ ጀምሮ፣ እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አጠናክሮ፣ በ7ኛ ክፍል ይሻገራል። ሆኖም ያ ጎን ለጎን የሚጠናከረው እንግሊዝኛ በገጠር በእርግጥ ማን ያስተምረዋል? አማርኛ አፉን ያልፈታበት ሕፃን ደግሞ ሁለት ጊዜ መሻገር ነበረበት፤ መጀመሪያ ወደ አማርኛ፣ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝኛ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናሉ የተባሉ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በ1955 የትምህርት ዘመን መባቻ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ ቡድን፣ ከ270 በላይ ወጣቶች፣ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠር እንዲያገለግሉ የሚያስገድደውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አቋቋመ። ከዘማቾቹ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። የምሕንድስናው ተማሪ፣ የሕጉ ተማሪ፣ የግብርናው ተማሪ፣ ሁሉም ጠመኔ ይዞ ወጣ።

ባልደረባችንም በዚህ መንገድ ነው ወደ ነገሩ የገቡት። በ1963 ዓ.ም. ገና የምሕንድስና ተማሪ ሳሉ ጎጃም ውስጥ ወደምትገኝ አንዲት የአውራጃ ከተማ ተላኩ። የተመደቡት ሒሳብ እንዲያስተምሩ ነበር፤ የእንግሊዝኛ መምህር ስላልነበረ ግን ሁለቱንም ተረከቡ። ይህ አጋጣሚ ዕድላቸው ሆነ እላለሁ፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሒሳቡም ክፍለ ጊዜ ሲሠራና ሲሰናከል ለማየት የቻሉት ሁለቱንም በአንድ ላይ ስለ ያዙ ነው።

ያዩትን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው እንኳ እንደ ትናንት ያወሩት ነበር። ተማሪዎቹ ሰዋስው ያውቁ ነበር። የግሡን እርባታ በቃላቸው ይወርዱታል፤ ያለፈውን ጊዜ ከኀላፊው ይለያሉ። በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ያሉትንም ከባድ የሚመስሉ ቃላት፣ ትሪያንግል፣ ዳያሜትር፣ ኢኩዌሽን የሚሉትን፣ በቶሎ ያጠኗቸዋል፤ የሚታይና የሚሣል ነገር ስላላቸው። የሚያሰናክሏቸው ማንም መምህር ቆም ብሎ የማያስረዳቸው ትናንሽ ቃላት ነበሩ። ለምሳሌ አንድ ጥያቄ «አት ሊስት 5» ሲል፣ ተማሪዎቹ ሊስት ማለት «ትንሹ» ነው ተብለው ስለ ተማሩ፣ ከአምስት በታች ያለ ቁጥር ይጽፋሉ። ትርጉሙ ግን ከአምስት የማያንስ ነው። «አንለስ»፣ «ሄንስ»፣ «ሪስፔክቲቭሊ»፣ «ኢች» የሚሉት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ሒሳቡን የሚያውቀው ልጅ በሒሳቡ ላይ ሳይሆን በእነዚህ ላይ ይወድቃል፤ መምህሩም ልጁ ሒሳብ አይችልም ብሎ ይመዘግበዋል።

በዚያ ዓመት ባለ ነጠላ መስመር ደብተር ገዝተው እነዚህን ቃላት መልቀም ጀመሩ። አሠራራቸው ፍጹም የመሐንዲስ ነበር። ቃሉ፣ የተገኘበት መጽሐፍና ገጽ፣ ተማሪው የተረዳበት መንገድ፣ በመጨረሻም በክፍሉ ውስጥ ተሞክሮ የተሳካ ምሳሌ በአራት ዐምድ ይሰፍራሉ። አራተኛው ዐምድ ለዓመታት ባዶ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ጥሩ ምሳሌ ካልተገኘ በእርሳስ አንድ ነጥብ ብቻ ይደረግበታል እንጂ ከመዝገበ ቃላት ተገልብጦ አይሞላም።

ሌላው ያስተዋሉት ነገር የዐረፍተ ነገሩን አሠራር የሚመለከት ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንባቢው እስከ መጨረሻው ታግሦ ይጠብቃል። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ ከባለቤቱ ቀጥሎ መጥቶ የቀረው ይከተላል። ልጁ በአማርኛ ልማዱ መጨረሻውን ሲጠብቅ ዋናው ነገር አልፎታል። በዚህ ምክንያት አንድን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ወይም ወደ ልጁ ሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋ ቆራርጦ እያስተያዩ ማሳየትን ከማስተማሪያ ዘዴያቸው አንዱ አደረጉት። ይህም በኋላ ብዙ ተቃውሞ አምጥቶባቸዋል፤ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሌላ ቋንቋ መነገር የለበትም የሚለው አመለካከት በትምህርት ተቆጣጣሪዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖሯልና።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ ቀረ፤ የሰላም ጓዱም በ1969 ዓ.ም. ከሀገር ወጣ። ከ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሀገራችን ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍን በማስፋፋት የማይካድ ሥራ ሠራ፤ የትምህርት ቤቶችም ቁጥር ጨመረ። ነገር ግን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው እንግሊዝኛ እንደ ነበረ ቀጠለ፣ ሲያስተምሩት የነበሩት የውጭ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ግን አልነበሩም። ባልደረባችን በዚህ ጊዜ የመንገድ መሐንዲስ ሆነው ከካምፕ ካምፕ ይዘዋወሩ ነበር። የመንገድ ካምፕ ባለበት ሁሉ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ መሄድ ልማዳቸው ሆነ። አንዳንድ ባልደረቦች ሥራ ፈት ናቸው ብለው ያሟቸው እንደ ነበር ሰምቻለሁ።

እኔ ያገኘኋቸው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የገጠር ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ሰፊ ፕሮግራም ተጀመረና እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ ከቀያሾች ጋር ተመደብሁ፤ እሳቸው ጡረታ ወጥተው በአማካሪነት ይሠሩ ነበር። «ጋሼ» ስንላቸው «መሐንዲሱ በሉኝ፤ ጋሼ መባል ለቡና ጊዜ ነው» ይሉን ነበር። እኛም ሥራ ላይ መሐንዲሱ፣ ቡና ላይ ጋሼ እያልን ኖርን።

በዚያን ጊዜ የትምህርቱ ሥርዓት እንደገና ተለውጦ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደነገገ። ይህ ባልደረባችን ከልብ የደገፉት ነገር ነው፤ ሁለት ጊዜ መሻገር ይቀር ዘንድ ከጎጃም ቀጥሎ ወለጋ ላይ በሠሩበት ዘመን ይመኙት ነበርና። ይሁን እንጂ ያው ፖሊሲ ቀድሞ ከ3ኛ ክፍል ይጀመር የነበረውን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል እንዲጀመር አደረገው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ደግሞ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ተደረገ። ስለዚህም እንግሊዝኛ የማስተማር ሥልጠና ያልወሰደች፣ ራሷም ቋንቋውን ስትናገር የሰማት የሌለ አንዲት ወጣት መምህርት ለሰባት ዓመት ሕፃን የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ድምፅ የምታሰማ ሆነች። መሻገሪያው እንደየክልሉ 7ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ሆነ። ኦሮሚያን በመሳሰሉ ክልሎች ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በቋንቋው ተምሮ በ9ኛ ክፍል በአንድ መስከረም ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይጀምራል።

የቅዳሜው ስብሰባ እንዴት እንደ ነበረ ልግለጽ፤ ብዙ ሰው የሥልጠና ኮርስ ይመስለዋልና። መኪናው ለቅየሳ ሥራ የወጣበትን መንገድ ተከትሎ ከሦስት ወይም ከአራት ትምህርት ቤት መምህራን ይሰበሰባሉ። ቡና ይፈላል። መሐንዲሱ ንግግር አያደርጉም። በተራ አንዱ መምህር በሚቀጥለው ሰኞ የሚያስተምረውን ገጽ ጓደኞቹ ተማሪ ሆነው ያስተምራቸዋል። ትንሿ ቴፕ ሪኮርደር፣ በኋላም ስልክ፣ ድምፁን ትቀዳለች። ከዚያ መልሶ ይሰማል፤ የሚያርመው ራሱ ነው። «ስኩል» የሚለውን ቃል ከፊቱ እ ጨምረን «እስኩል» እንደምንለው፣ «ሺፕ» የሚለውን መርከቡንም በጉንም እኩል እንደምንጠራው መምህሩ ከገዛ ድምፁ ይሰማዋል። መጀመሪያ ያፍራሉ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን እርስ በርስ እየሣቁ ይተራረማሉ። ከዚያ ደብተሩ ይወጣና ከትናንሽ ቃላት ሦስቱ ይወሰዳሉ። ከሦስት አይበልጡም። ለእያንዳንዱ መምህራኑ ራሳቸው ምሳሌ ይፈልጉለታል። «አት ሊስት» ለሚለው በመጨረሻ የጸናው ምሳሌ አንዲት መምህርት ያመጣችው ነው፦ ለዕቁብ የሚዋጣው ገንዘብ ከመቶ ብር ማነስ አይችልም፤ መቶ ሃያ ያመጣ ግን አይባረርም። አራተኛው ዐምድ በዚያ ቀን ተሞላ፤ ባዶ ሆኖ የቆየው ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር።

ይህ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደ ሆነ የገባኝ ምዕራብ ኦሮሚያ ውስጥ በሠራንበት ጊዜ ነው። በአንድ ቦይ ቁፋሮ ላይ በቀን ሠራተኛነት የተቀጠረች ልጅ ነበረች። ከአለቃው ጋር ስለ ቦዩ ስፋትና ተዳፋት ስትከራከር የሰሙት መሐንዲሱ ቀርበው ጠየቋት። በ8ኛ ክፍል ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ ኖራለች። ከዚያ 9ኛ ክፍል ገብታ በመጀመሪያው መንፈቅ በሒሳብ፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ወደቀች። ሒሳቡ አልከበዳትም፤ የምትጠየቀው ምን እንደ ሆነ አልገባትም። አባቷ አእምሮዋ ደከመ ብለው ከትምህርት አስወጧት። መሐንዲሱ የ9ኛ ክፍሉን የሒሳብ ጥያቄ በአፋን ኦሮሞ ደግመው ሲያቀርቡላት እጇ ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሷ ጠርጋ በመሬት ላይ ሠራችው። ያን ቀን ማታ በካምፑ ብዙ አልተናገሩም። ወደ አባቷ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በሚቀጥለው መስከረም ወደ ትምህርት ቤት ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቅም፤ ሥራችን ወደ ሌላ ዞን ተዛወረ።

ስለ ፕላዝማው ትምህርት ሳልጽፍ ባልፍ ጽሑፉ ይጎድላል። በ1997 የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠት ሲጀመር መሐንዲሱ እንደ ባለሞያ ተደንቀውበታል። አስፋልት ያልደረሰበት ወረዳ ድረስ ምስልና ድምፅ ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን በጎበኟቸው ትምህርት ቤቶች ያዩት ሌላ ነበር። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይጠፋል፤ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ የሚገዛ በጀት ሲያልቅም እንዲሁ። ከዚህ የሚብሰው ፍጥነቱ ነው። በማያው የሚታየው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ መልሱን ይናገራል፤ ገና ጥያቄውን እየተረጎመ ያለ ተማሪ አለፈው። በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር ደግሞ ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቀረ። ባልደረባችን ይህን ሲያስረዱ የውሃ ሥራ ምሳሌ ይወስዱ ነበር፤ ጠባብ ቧንቧ ላይ ትልቅ ፓምፕ ብትተክል ውሃው አይደርስም፣ ቧንቧው ይፈነዳል ይሉ ነበር። እኔ በዚህ ጥቂት ያጋነኑ ይመስለኛል። ፊደል ያለው እንግሊዝኛ ተናግሮ የማያውቅ መምህር ባለበት ትምህርት ቤት ያ ድምፅ ብቸኛው የተጣራ ድምፅ ነበር፤ ፕሮግራሙን ቆም እያደረጉ መጠቀም ቢቻል ኖሮ ቅዳሜያቸውን ባገዘ ነበር።

በሌላም ነገር አልስማማም። እንግሊዝኛ ባልሠለጠነ መምህር ከ1ኛ ክፍል ከሚጀመር ይልቅ በሠለጠነ መምህር ከ4ኛ ወይም ከ5ኛ ቢጀመር ይሻላል የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው። በቋንቋ ትምህርት ረገድ ክርክራቸው የሚያሳምን ነው። የገጠር ወላጅን ግን በቂ ቦታ አልሰጡትም። በየከተማው ልጁን ለእንግሊዝኛ ብሎ የግል ትምህርት ቤት የሚያስገባ ባለ ገንዘብ እያለ፣ የገበሬውን ልጅ ቆይ ማለት ለገበሬው ምን ይመስላል? አንድ አዛውንት በስብሰባ ላይ ይህንኑ ጠይቀዋቸው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። አቋማቸውን አልለወጡም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከመምህራኑ ጋር ወላጆችንም ቅዳሜ ይጠሩ ጀመር።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጥቶ በጥር ውጤቱ ሲነገር፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በለጡ። የጦርነቱን፣ የወረርሽኙን፣ ቀድሞ የነበረውን የፈተና ስርቆት ድርሻ መካድ አይቻልም፤ ሁሉንም በቋንቋ ማሳበብም ስሕተት ነው። ይሁንና ፈተናው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑን በዚያ ሰሞን በተደረጉት ክርክሮች ያነሣ ሰው ጥቂት ነበር። ባልደረባችን በዚያ ጊዜ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ልንጠይቃቸው በሄድንበት ቀን የጠየቁት ስለ ቁጥሩ አልነበረም፤ ያለፈው ዓመት የሒሳብ ፈተና ወረቀት ይገኝ እንደሆነ ነበር። ተገኘላቸው። በመነጽርና በማጉያ መስታወት አንብበው ከሰባት ጥያቄዎች ውስጥ ቃላት ለቀሙ።

ደብተሮቹ 14 ናቸው። የመጀመሪያው የጎጃሙ፣ ጠርዙ በምስጥ የተበላው፣ በቤተ ሰቦቻቸው እጅ ይገኛል፤ የሌሎቹ ቅጂ ከእኔ ዘንድ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስብሰባቸውን በራሳቸው የቀጠሉ የሁለት ወረዳ መምህራን አንድ ቅጂ ወስደዋል። ከየፕሮጀክቱ ካምፕ አጠገብ ትምህርት ቤት ያላቸው አባሎች ቢጠይቁኝ አባዝቼ እልካለሁ። በመጨረሻው ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ «አንለስ» የሚለው ቃል ሰፍሯል፤ መጽሐፉና ገጹ ተጽፏል፤ ሦስተኛው ዐምድም ተሞልቷል፤ በአራተኛው ላይ በእርሳስ የተደረገ አንድ ነጥብ አለ።